ሦስት ፊደል በአንድ ስክሪን

ጅቡቲ ከተማ ላይ አንድ የትራንዚት ድርጅት ለደንበኞቹ አፕ ላሠራ ብሎ ቢነሳ፣ ከገንዘቡም ከጊዜውም በፊት የፊደል ጣጣ ይጠብቀዋል። የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ቤትና ሰፈር ውስጥ የሚነገሩት ሶማሊኛና አፋርኛ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህች አገር ወደቦች ስለሚያልፍ ደግሞ፣ በጋላፊ በኩል የሚገባው ሹፌር፣ ዶራሌ ላይ ኮንቴይነር የሚያስለቅቀው ትራንዚተር፣ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈተው ኢትዮጵያዊ አማርኛውን ይዞ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ አንድን አፕ፣ አንዳንዴም አንድን ደረሰኝ፣ በየራሳቸው ፊደል ማንበብ ይፈልጋሉ። ሥራውን የሚረከበው የሶፍትዌር ቡድን ግን ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚጀምረው ከሌላ ጫፍ ነው፦ በፍላተር እንሥራው ወይስ በሪአክት ኔቲቭ? የትኛው ይፈጥናል? የትኛው አዲስ ነው? ጥያቄው ከዚያ ጫፍ ሲነሳ መልሱም ይጣመማል። ለጅቡቲ የሚሠራ አፕ ፍሬምወርኩ መመረጥ ያለበት በመጀመሪያ ጽሑፍን እንዴት እንደሚያሳይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚጠግነው ታይቶ ነው። ፍጥነት የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ስልኮች በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። የአይፎን አፕ በተለምዶ ስዊፍት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ፣ የአንድሮይዱ በኮትሊን ይጻፋል፤ ለአንዱ የተጻፈው ሌላው ላይ አይሠራም። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን አፕ የሚፈልግ ሰው ሁለት ጊዜ ያሠራል፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ስህተት ሲገኝም ሁለት ቦታ ያስተካክላል። አንድ ጊዜ ጽፎ በሁለቱም ላይ ለማሠራት የተፈጠሩት መሣሪያዎች ናቸው እዚህ ፍሬምወርክ የምንላቸው። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ፌስቡክ በ2015 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት ኔቲቭ በጃቫስክሪፕት ይጻፍና ቁልፉንም የጽሑፍ ሳጥኑንም ከስልኩ ከራሱ ወስዶ ያሳያል (ዓመቶቹ እዚህ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጉግል በዲሴምበር 2018 የመጀመሪያውን ሙሉ ስሪት ያወጣው ፍላተር ግን ከስልኩ የሚፈልገው ባዶ ስክሪን ነው፤ ቁልፉን፣ መስመሩን፣ ፊደሉን ሁሉ በራሱ ሞተር ይስላል። አንደኛው ድግሱን በባለቤቱ ዕቃ ያቀርባል፣ ሁለተኛው ድስቱንም ሳህኑንም ጭኖ ይመጣል እንደማለት ነው። ሌላው መንገድ ድረ ገጽን የአፕ ልብስ አልብሶ ማቅረብ ሲሆን አዮኒክ ከዚህ ወገን ነው። ጄትብሬይንስ የሚያዘጋጀው ኮትሊን መልቲፕላትፎርም ደግሞ የአንድሮይዱን ቋንቋ ወደ አይፎን ያሻግራል፤ እሱ በኖቬምበር 2023 ለሥራ ብቁ ተብሎ ታውጇል፣ ስክሪኑን ጭምር በጋራ የሚያሠራው ኮምፖዝ የተባለው ክፍሉ ግን ለአይፎን የደረሰው በሜይ 2025 ነው።

አሁን አንድ ስክሪን ቀረብ ብለን እንይ። የክፍያ ማረጋገጫ ገጽ ነው፤ እንደ ዲ-መኒና ዋፊ ያሉ የስልክ ገንዘብ አፖችን የለመደ የጅቡቲ ነዋሪ በቀን ደጋግሞ የሚያየው ዓይነት። የላኪው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የገንዘቡ መጠን፣ ቀንና ሰዓት፣ ከታች አንድ ቁልፍ። በፈረንሳይኛ ሁሉም ደህና ይታያል። ቋንቋው ወደ ዐረብኛ ሲቀየር ገጹ በሙሉ መገልበጥ አለበት፤ የመመለሻው ቀስት ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ ስሙ ከቀኝ ይጀምራል። ስልክ ቁጥሩ ላይ ግን ሌላ ነገር ይፈጠራል። በ253 የሚጀምር የጅቡቲ ቁጥር ሁለት ሁለት አኃዝ እየተለየ በክፍተት ሲጻፍ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በሚሄድ መስመር ውስጥ ክፍልፋዮቹ ቅደም ተከተላቸውን ይለውጣሉ፤ 253 ቀኝ ጫፍ ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ግራ ጫፍ ላይ ይወድቃሉ። ደንበኛው ከግራ እያነበበ ቢደውል ሌላ ሰው ያገኛል፤ ወይም ማንንም አያገኝም። ይህን የሚያደርገው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መስፈርት የያዘው የአቅጣጫ ደንብ ነው፤ ፍሬምወርኮቹ ሁሉ ያንኑ ደንብ ይከተላሉ። ቁጥሩ ለብቻው ተነጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲቆም ሠሪው ካላዘዘ በስተቀር አይስተካከልም። ዐረብኛ የማያነብ ፕሮግራመር ደግሞ ስህተቱን ፊት ለፊቱ ቢያየው እንኳ አይታወቀውም።

ገንዘቡም እንደዚሁ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ በተግባር እንደ ብር ወደ ሳንቲም አይከፋፈልም፤ ከነጥብ በኋላ ሁለት ዜሮ የሚለጥፍ አፕ እዚህ ባዕድ ይመስላል። ሺሕን በኮማ የሚለይ ጽሑፍ ደግሞ አደገኛ ነው። አማርኛ አንባቢ 1,500 ሲያይ አንድ ሺሕ አምስት መቶ ይላል፤ በፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ግን ኮማውን የአሥርዮሽ ምልክት አድርጎ አንድ ተኩል ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሰዓቱ ከሁሉም የከፋ ነው። ጅቡቲና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ የአቆጣጠር ልማዳቸው ግን ስድስት ሰዓት ይራራቃል። በፈረንሳይኛ 8 ሰዓት የተባለውን ቁጥሩን ሳይለውጥ ወደ አማርኛ ያዞረ አፕ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደቡ በር መድረስ የነበረበትን ሹፌር ከምሳ በኋላ ያመጣዋል። ተራው ያልፋል፤ ከዚያ የሚከተለውን ንትርክ የወደብ ሰው ያውቀዋል።

በነዚህ ነጥቦች ላይ ፍሬምወርኮቹ እኩል አይደሉም፤ ልዩነታቸውም በማስታወቂያ ላይ አይገኝም። ሪአክት ኔቲቭ የገጽን አቅጣጫ መገልበጥ ይችላል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው አፑ ውስጥ ከፈረንሳይኛ ወደ ዐረብኛ ሲቀይር ለውጡ የሚታየው አፑ እንደ አዲስ ሲነሳ ነው። ፍላተር አቅጣጫን እንደ አንድ የገጹ ክፍል ስለሚቆጥረው ወዲያው፣ ከፈለጉም የገጹን አንድ ማዕዘን ብቻ ይገለብጣል። አንድ ደረሰኝ በሦስት ፊደል የሚወጣበት ከተማ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግዕዝ ፊደልን በተመለከተ፣ አይፎን የሚያሳየው ኬፋ በተባለው የአፕል ፎንት፣ አንድሮይድ አብዛኛውን ጊዜ በጉግል ኖቶ ነው። የሁለቱ ስፋትና ቁመት አንድ ስላልሆነ፣ አንዱ ስልክ ላይ በልኩ የገባ የአማርኛ ቁልፍ ሌላው ላይ ይቆረጣል ወይም ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል። በሁለቱም ፍሬምወርክ የራስን ፎንት አፑ ውስጥ ጠቅልሎ መላክ ይቻላል። ፍላተር ግን መስመሩንም ራሱ ስለሚደለድል፣ ፎንቱ አንዴ ከተጠቀለለ አንዱ ስልክ ላይ የታየው ሌላውም ላይ እንደዚያው ይታያል። ለአማርኛና ለዐረብኛ ሲሉ ይህን መምረጥ ምክንያታዊ ነው።

ለፍላተር ግን ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፤ የራሱ ጉድለት አለው። እንደ ‹ቅዳ› እና ‹ለጥፍ› ያሉትን የተለመዱ ቃላት ሪአክት ኔቲቭ ከስልኩ ስለሚወስድ በስልኩ ቋንቋ ይመጣሉ። ፍላተር ከራሱ የትርጉም መዝገብ ያወጣቸዋል፤ መዝገቡ አማርኛን፣ ዐረብኛንና ፈረንሳይኛን ይዟል፣ አፋርኛን ግን አልያዘም። በአፋርኛ የሚሠራ ቡድን እነዚያን ቃላት ራሱ ተርጉሞ ካላስገባ አፑ ስህተት ይሰጣል፤ እንደው ቃላቱ በእንግሊዝኛ ይታዩ ብሎ እንኳ በዝምታ አያልፈውም። የቀን መምረጫውም የፈረንጆቹን ወር ነው ይዞ የሚመጣው፤ ጳጉሜን የሚያውቅ ካላንደር የፈለገ ራሱ ይሠራል ወይም ሌሎች የሠሩትን ያስገባል። የኢትዮጵያን ዘመን ማስላት ራሱ ከባድ አይደለም፣ ሁለቱም የስልክ ሲስተሞች ያውቁታል። የጎደለው ስክሪኑ ላይ የሚነካው ካላንደር ነው።

እዚህ ላይ ፍጥነትን የሚያስቀድሙ ሰዎች ታሪክ ጠቅሰው ይከራከራሉ። ፌስቡክ አፑን በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ ሠርቶ ስለተንቀራፈፈበት፣ የኩባንያው መሥራች ማርክ ዙከርበርግ በሴፕቴምበር 2012 በዚያ መንገድ ላይ መወራረዳቸው ትልቁ ስህተታቸው እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። ማስረጃው እውነት ነው፤ ግን የ2012 ነው። ከዚያ ወዲህ ሪአክት ኔቲቭ ሄርምስ የተባለውን የራሱን ሞተር አምጥቷል፣ በ2024 መጨረሻም የውስጥ አሠራሩን ከሥሩ ለውጧል። ፍላተርም ኢምፔለር በተባለ አዲስ ሞተር ስዕሉን አቅልሏል። ዝርዝር፣ ቅጽና ደረሰኝ ለሚያሳይ አፕ በሁለቱ መካከል ያለውን የፍጥነት ልዩነት ተራ ተጠቃሚ አይለየውም። ይልቅ ኤር ኮንዲሽነር ያለበት ቢሮ ውስጥ በአዲስ ስልክ የተደረገ ሙከራ ለጅቡቲ ብዙም አይረባም። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፣ ከመኪናው መስታወት ሥር የተቀመጠ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል፤ ፀሐዩም ስክሪኑን አያስነብብም። በዚያ ሰዓት የሚያድነው ትልቅ ጽሑፍ፣ ጠቆር ያለ ቀለምና ጥቂት እንቅስቃሴ ነው፤ ይህ ደግሞ የዲዛይነር ሥራ ነው። ዳታም በቸልታ የሚታይ አይደለም። ብዙ የባሕር ሥር ኬብል ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ይወጣል፤ አቅራቢው ግን አንድ ጅቡቲ ቴሌኮም ነውና ካርድ የሚሞላው ሰው ሜጋባይቱን ይቆጥራል። ፍላተርም ሪአክት ኔቲቭም ሞተራቸውን ጭነው ስለሚመጡ፣ በቀጥታ በኮትሊን ከተጻፈ አፕ በጥቂት ሜጋባይት መወፈራቸው አይቀርም።

ፍጥነት እንደሚባለው ወሳኝ ካልሆነ፣ አፖችን የሚገድላቸው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የሚገድላቸው መተው ነው። በ2009 የተጀመረውን ፎንጋፕ የተባለ ፍሬምወርክ አዶቤ ገዝቶ በ2020 ዘጋው። ማይክሮሶፍት በ2016 የገዛው ሌላው ፍሬምወርክ ዛማሪን ድጋፉ በሜይ 1 ቀን 2024 አብቅቷል። ሪአክት ኔቲቭ አፖችን አፕ ስቶር ሳያልፉ ለማደስ ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረው የማይክሮሶፍት ኮድፑሽ በማርች 31 ቀን 2025 ተቋረጠ። ፍላተርም በ2024 ጉግል ከቡድኑ ሠራተኞች በቀነሰ ጊዜ ‹ሊሞት ነው› ተብሎ ተወርቶበት ነበር፤ እስካሁን አልሞተም። መሣሪያው ቢኖር እንኳ ዝም ተብሎ አይቀመጥም። ጉግል ፕሌይ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኦገስት መጨረሻ፣ አፖች ለቅርቡ የአንድሮይድ ስሪት ተስተካክለው ካልቀረቡ አዲስ ማሻሻያቸውን አይቀበልም። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ማኅደረ ትውስታቸውን በትልልቅ ገጽ ለሚከፍሉ አዳዲስ ስልኮች አፖች እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ደንብ መጣ። ፍላተርና ሪአክት ኔቲቭ በውስጣቸው የራሳቸው ሞተር ስላለ፣ በድሮ ስሪት ላይ የቀረ አፕ ባለቤት ፍሬምወርኩን ከማሳደግ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በጨረታ አሠርቶ፣ ክፍያውን ጨርሶ፣ ሠሪውን ያሰናበተ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚደውልለት ሰው የለውም።

ጠጋኝ መኖሩ ከመሣሪያው ጥራት በላይ እንደሚወስን የሚያሳይ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለ። የማረፊያ ቤት ማከራያው ኤርቢኤንቢ በ2016 የጀመረውን ሪአክት ኔቲቭ በ2018 ተወው፤ ምክንያቱን ሲያስረዳ ከቴክኒኩ እኩል የጠቀሰው የሰውን ነገር ነበር። አንድ ቡድን ይበቃል ሲባል የአንድሮይድ፣ የአይፎንና የጃቫስክሪፕት ሦስት ዓለም ጎን ለጎን መያዝ ግድ ሆነበት። የኢንተርኔት መደብር መክፈቻው ሾፒፋይ ደግሞ ያንኑ መሣሪያ በጃንዋሪ 2020 አዲስ ለሚሠራቸው አፖች ሁሉ እንደሚጠቀምበት አስታወቀ፤ እስካሁንም አብሮት አለ። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለያየው የያዘው ሰው ነው። ታዲያ ጅቡቲ ውስጥ ማን አለ? ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ዩኒቨርሲቲዋ በ2006 የተመሠረተና በዋናነት በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ነው። በዚህ በኩል ሪአክት ኔቲቭ ይበልጣል፤ የተመሠረተበት የድረ ገጽ መሣሪያ የሪአክት ሙሉ መመሪያ በፈረንሳይኛ ይገኛል፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ድረ ገጽ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቋንቋ ነው። ፍላተር የሚጻፍበት ዳርት ከፍላተር ውጭ ብዙ ሥራ የለውም። ቢሆንም ጃቫስክሪፕት ወይም ጃቫ የሚያውቅ ሰው ዳርትን በሳምንታት ይለምደዋል፤ አዲስ አበባም በፍላተር የሚሠሩ ወጣቶች ሞልተዋል። ኮትሊንም ወደዚህ እየመጣ ነው፦ ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ በኮትሊን የአንድሮይድ አፕ መሥራት ነው። ለዚህ ነው ኮትሊን መልቲፕላትፎርምን ዛሬ ባልመርጠውም ከዓይን ማጥፋት የማይገባ የሚመስለኝ።

ሌሎች ተቃውሞዎችም አሉ፤ አንዱ ብቻ ነው የሚከብደኝ። ‹አብዛኛው ሰው አንድሮይድ ከያዘ አይፎን ለምን?› ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ አይፎን የያዘው የመርከብ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ከውጭ ገንዘብ የሚልከው ዘመድና የጦር ሰፈር ሠራተኛ ቁጥሩ ቢያንስም ከፋዩ እሱ ነው። ‹ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሁን ኮድ ስለሚጽፍ ሁለት ጊዜ መሥራት ርካሽ ሆኗል› የሚለውም አያሳምንም። መጻፉ ረክሷል እንበል። የተገለበጠውን ስልክ ቁጥር በዐረብኛ፣ የተቆረጠውን ቁልፍ በአማርኛ፣ በሁለት ኮድ፣ በአሥር ዓይነት ስልክ ላይ የሚፈትሽ ሰው ግን አልረከሰም። የሚከብደው ‹አፕ ለምን? ድረ ገጽ ይበቃል› የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነውና። የታሪፍ ሰንጠረዥ፣ የመርከብ መድረሻ ቀን፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ለማሳየት ፍሬምወርክ መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው። አፕ የሚያስፈልገው ኔትዎርክ በሌለበት መንገድ ላይ መሥራት ሲኖርበት፣ የሰነድ ፎቶ አንስቶ እስኪገናኝ ማቆየት ሲኖርበት፣ ወይም ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ ነው። በጋላፊ መስመር ላይ ያለ ሹፌር የሚገለገልበት አፕ በእርግጥ ከነዚህ ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ሦስት ፊደል የሚያሳይ፣ ከባዶ የሚጀመር፣ ትንሽ ቡድን የሚይዘው አፕ ከሆነ ፍላተርን እመርጣለሁ። ቡድኑ አስቀድሞ በሪአክት የሚሠራ ከሆነ ግን ከዚያ አላስወጣውም፤ አቅጣጫ ሲቀየር አፑ እንደ አዲስ መነሳቱን መታገሥ አዲስ ቋንቋ ከማስተማር ይቀላል። ውል ከመፈረሙ በፊት ደግሞ አንድ ፈተና ይበጃል፦ ያችኑ የክፍያ ገጽ በሁለቱም ፍሬምወርክ አሠርቶ፣ ገበያ ላይ ካለው እጅግ ርካሽ ስልክ አንዱን ገዝቶ፣ አንድ ዐረብኛ አንባቢ፣ አንድ አማርኛ አንባቢና አንድ ፈረንሳይኛ አንባቢ ጮክ ብለው እንዲያነቡት ማድረግ። የቀን፣ የሰዓትና የገንዘብ ስሌቱ፣ የትርጉሞቹም ፋይል ከስክሪኑ ኮድ ተለይቶ እንዲቀመጥ ውሉ ላይ ይግባ፤ ነገ ፍሬምወርኩ ቢዘጋ የሚጣለው የላዩ ሽፋን ብቻ ይሆናል። ጉግል ፕሌይ ላይ አንዴ 25 ዶላር፣ አፕል ዘንድ በየዓመቱ 99 ዶላር የሚከፈልበት አካውንት በሠሪው ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይከፈት፣ አፑ የሚፈረምበት ቁልፍም በድርጅቱ እጅ ይሁን። የማክ ኮምፒውተር ወጪ ግን በየትኛውም ፍሬምወርክ አይቀርም፤ የአይፎኑ ስሪት የሚዘጋጀው በማክ ላይ ብቻ ስለሆነ መግዣው ወይም በኢንተርኔት መከራያው ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት።